ጨርቅ የሌለው ስፌት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አራዳ በረንዳ ላይ፤
ቀን የሰው እጅጌ ሲገጥም፣ ማታ ደግሞ ሰማይ።

ሲመሽ መዝጊያው ይሸጎራል፣
የመስኮቱ ስንጥቅ በብጣሽ ይወተፋል፣
ሬድዮኑ ከጥጥ ፍራሹ ሆድ ቀስ ብሎ ይወለዳል።
ጨርቅ ሳይነክስ ጥርሷ፣ ክር ሳያይ መርፌዋ፣
ሲንጀሯን ባዶዋን ይዘውራታል፣ እንዲሰማ ኳኳታዋ።
ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ «ጎበዝ፣ ይሠራል» አለ፤
ምን እንደሚሰፋ ግን ከእኔና ከእናቴ በቀር ማን አስተዋለ?

ቤታችን ሁለት መርፌ ነበረ፤ አንዷ ጨርቅ የምትበላ፣
አንዷ በሠላሳ አንድ ሜትር ወዲህ ወዲያ የምትል፣ ከመስታወቱ ኋላ።
መጀመሪያ ነፋስ ይገባል። ከዚያ ፉጨት።
ከዚያ የማናውቀው አገር ጸሎት፣
የመርከብ ይሁን የጦር ያልለየነው ቲ-ቲ-ታ፣
ከዚያ አሸዋ ሲጫር ብቅ እንደሚል ውሃ
አንድ ሰው፣ በገዛ አማርኛችን፦
«ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን።»
እናቴ ነጠላዋን ታስተካክላለች።
«አብሮ ይስጥልን» ትለዋለች፣
ከኮሎኝ ያያት ይመስል።

ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ነው።
አውቶቡስ በጠዋት ከተነሣ ምሳ እኛ ጋ ነው።
የደባርቅ ወሬ ግን በዚያ መንገድ አይመጣም፤
ኬላው ይፈትሸዋል፣ ይለፍ የለውም።
ስለዚህ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
የፈረንጅ ብርድ ቀምሶ፣ በሰማይ ጣሪያ ነጥሮ፣
እኛ ቤት ይገባል በሌሊት፣ ድምፁ ተሰባብሮ፦
«ከጎረቤታችሁ ነው የመጣሁ።»
አጭር ሞገድ ይሉታል ስሙን።
አጭር!

አንድ ሐሙስ በሩ ተንኳኳ።
ቢተው ነው፣ የቀበሌው ጥበቃ፤
ጠመንጃ በትከሻው፣ ሱሪ በክንዱ።
አባቴ ሬድዮኑን በፍራሹ አፈነው፤
እግሩን ግን ከፔዳሉ አላነሣም።
«መኪናህ ሌሊቱን ሁሉ ትሠራለች» አለ ቢተው።
«ለበዓል ነው።»
የምን በዓል? ሰኔ ነበር።
ቢተው ክር የሌላትን መርፌ አየ። ፍራሹን አየ።
እኔን አየኝ፣ እኔም ጣሪያውን አየሁ።
ሱሪውን ዘረጋና «ጉልበቱ ተተርትሯል» አለ።
አልተተረተረም ነበር።
ከዚያ ተቀመጠ፤ ድምፁ ከጣቢያው ድምፅ አነሰ፦
«ስለ ናቅፋ የሚለው አለ? ደመላሽ እዚያ ነው።
ሰባት ወር ሆነው።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ያ ሱሪ ይመጣል፤
አባቴ ይተረትረዋል፣ ይሰፋዋል፣ ይተረትረዋል፣
ጉልበቱ ወንፊት እስኪመስል።
ማፈኛው እንደ ንብ ቀፎ ሲነሣብን
አራት ጆሮ በአንድ ሳጥን ላይ ይደፋል፤
የአሳዳጅ ጆሮ፣ የተሳዳጅ ጆሮ፣
በጨለማ ማን ይለየዋል።
ሬድዮኑ ስም አይጠራም። ቁጥር ይጠራል።
ቁጥር ደግሞ የማንም ልጅ አይደለም።

አንድ ሐሙስ ቁጥሩ በዛ።
ቢተው ተነሣ። «ደህና እደሩ» አለ።
ሱሪውን አልወሰደም።
ለሚቀጥለው ሐሙስም አልመጣም፤
አባቴ ግን ሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦለት ነበር።

ሲንጀሯ ተሸጣለች፣ አባቴም አልፏል።
ሱሪው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብል እንኳ ፈርቶት ይሁን አክብሮት፣ አልበላውም።
ዛሬ ወሬ በኪሴ ይንቀጠቀጣል፤
ከእውነቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሳይጠራ ይገባል፣
እኔም ሳልሰማው አልፈዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ግን ኔትወርኩ ጠፋ።
አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት።
ከቅዳሜ ገበያ አራት ድንጋይ ገዛሁ፣
ዝገቱን በሎሚ አጥቤ ሬድዮኑን ቀሰቀስኩት።
ነፋስ ገባ። ፉጨት።
የድሮዎቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ቤታቸውን ለቀዋል፤
መርፌዋ በሰፈሩ መሐል እየዞረች በር ታንኳኳለች።

ልጄ «ምን ይላል?» አለችኝ።
«ዝም በይ፣ እየመጣ ነው።»
«እግርህስ ምን ሆነ?»
ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ባዶውን ወለል እየረገጠ ነበር፣
ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች፣
ጎረቤት እንዳይሰማ።